የቻይና ምግብ ለምን በየአገሩ ይለያያል? መልሱ ቪዛው ላይ ነው

አንድ ሰሃን ከፊታችን እናስቀምጥ። በስሱ የተቆራረጠ የበሬ ሥጋ፣ አረንጓዴ ብሮኮሊ፣ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ስጎ፣ ከጎኑ ነጭ ሩዝ። አሜሪካ ውስጥ የቻይና ምግብ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። «ቢፍ ብሮኮሊ» ይባላል።

አሁን ሰሃኑን አንድ በአንድ እንየው። ብሮኮሊ የቻይና አትክልት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ያስለመዱት ጣልያን ስደተኞች ናቸው። ቻይናዎቹ በአገራቸው የሚያውቁት ግንዱ ወፈር ያለ፣ ትንሽ መረር የሚል፣ «ጋይ ላን» የሚባል ጎመን ነው። እሱ ሲጠፋ ብሮኮሊ ተተካ። የበሬ ሥጋውም እንግዳ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች በመጡበት በደቡብ ቻይና ገጠር በሬና ጎሽ እርሻ ያርሳሉ። ሥጋቸው በየዕለቱ የሚበላ አልነበረም። ይህን የእኛ ገበሬ ወዲያው ይረዳዋል። ስጎው እንዲህ የወፈረውና የጣፈጠው ደግሞ ለፈረንጅ አፍ ተብሎ ነው። ከመንደር ተሻግሮ የመጣው ሩዙ፣ የአኩሪ አተር ሶሱና የአሠራሩ ዘዴ ነው። በጣም በጋለ የብረት መጥበሻ ላይ ቶሎ ቶሎ እያገላበጡ ማብሰል።

ብዙ ሰው ይህን ሰሃን ሲያይ «የውሸት የቻይና ምግብ» ይለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው። የስደተኛ ምግብ ለምን ተለወጠ ሲባል ሁለት ምክንያት ይጠቀሳል። አንድ፣ የአገር ቤቱ ዕቃ አይገኝም። ሁለት፣ የደንበኛው አፍ ሌላ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ የኢሚግሬሽን ሕጉ። ማን እንዲገባ ተፈቀደ? ማን ተከለከለ? የገባው ምን ሥራ ተተወለት? ማንን ማግባት ቻለ? እነዚህ ጥያቄዎች ወጥ ቤት ድረስ ይገባሉ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የወንደላጤዎች ሰፈር

ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርቅ የተገኘው በ1848 ነው። ወሬው ደቡብ ቻይና ሲደርስ፣ ጓንግዶንግ በሚባለው ክፍለ ሀገር ጦርነትና ረሃብ ሕዝቡን አስጨንቆት ነበር። ወጣቶቹ ተበድረው መርከብ ተሳፈሩ። የሚሄዱበትን አገር «ጋም ሳን» ብለው ጠሩት፤ የወርቅ ተራራ ማለት ነው። አብዛኞቹ የመጡት ከጥቂት አጎራባች ወረዳዎች ነው፤ በተለይ ቶይሳን ከሚባለው። ይህን ልብ በሉልኝ። ለመቶ ዓመት ያህል አሜሪካኖች «የቻይና ምግብ» ብለው የሚያውቁት የዚያን ትልቅ አገር የአንድ ጥግ ምግብ ነበር።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ1849 የቻይና ምግብ ቤት ነበረ። ቀጥሎ የባቡር ሐዲዱ ሥራ መጣ። አህጉሩን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው ሐዲድ በ1869 ሲጠናቀቅ በምዕራቡ ክፍል የሠሩት አብዛኞቹ ቻይናዎች ነበሩ። ነጮቹን ሠራተኞች ኩባንያው ያበላቸዋል። ቻይናዎቹ ግን ከደሞዛቸው አዋጥተው ይበሉ ነበር። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ወጥ ሠሪ ነበረው። ሩዝ፣ የደረቀ ዓሣ፣ የደረቀ አትክልትና የፈላ ሻይ። ሌሎቹ የወንዝ ውኃ እየጠጡ ተቅማጥ ሲይዛቸው የሻዩ ውኃ ስለሚፈላ ቻይናዎቹ ይድኑ ነበር።

ሐዲዱ አለቀ፤ ኢኮኖሚው ወደቀ፤ ጥላቻው ተነሳ። «ሥራችንን ወሰዱብን» የሚለው ጩኸት ያኔም ነበረ። በ1875 የወጣው ሕግ በተግባር የቻይና ሴቶችን አስቀረ። በ1882 የወጣው ደግሞ የቻይና ሠራተኞችን በሙሉ ከለከለ። አሜሪካ አንድን ሕዝብ በዘሩ ለይታ በሩን የዘጋችበት የመጀመሪያው ትልቅ ሕግ ይህ ነው። በሩ እስከ 1943 ድረስ አልተከፈተም።

እስቲ የዚህን ውጤት በጓዳ በኩል እናስበው። በ1890 አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ቻይናዊት ሴት ወደ 27 የሚጠጉ ቻይናውያን ወንዶች ነበሩ። ሚስት አገር ቤት ናት። ልጅ በደብዳቤ ነው የሚታወቀው። አገር ቤት ሳሉ ድስት ነክተው የማያውቁ ወንዶች እዚህ ማብሰል ግድ ሆነባቸው። ችግር በቅቤ ያስበላል ይባል የለ? ሌላው ደግሞ የሚያበስልለት ስለሌለው ርካሽ ምግብ ቤት ይበላል። ቻይና ታውን የምንለው ሰፈር እንዲህ ባሉ ወንደላጤዎች የተሞላ ነበር። በየጥጉ ምግብ ቤት የበዛው ቤት ውስጥ ማጀት ስላልነበረ ነው።

ሥራም ጠበበ። ከወርቅ ማውጫው በግብር ተገፉ። ከፋብሪካውና ከእርሻው በዱላ ተባረሩ። የቀራቸው ነጭ ወንድ «የሴት ሥራ» ብሎ የናቀው ብቻ ነው። ልብስ ማጠብና ምግብ ማብሰል። ቻይናዎች በባሕርያቸው ምግብ ቤት መክፈት የሚወዱ የሚመስለው ሰው ይህን ታሪክ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ሌላው በር ሁሉ ተዘግቶ ነው።

ነጋዴ ነህ ወይስ ሠራተኛ?

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። የምወደው የሰዎቹ ብልሃት ስለሚገርመኝ ነው።

የ1882ቱ ሕግ ቀዳዳ ነበረው። ጉልበት ሠራተኛ ይከለከላል፤ ነጋዴ ግን አይከለከልም። ነጋዴ የሆነ ሰው ቻይና ሄዶ መመለስ ይችላል። ሚስቱንና ልጆቹን ማምጣት ይችላል። የሠራተኛው ነገር ሌላ ነው፤ አንዴ ከወጣ መመለሱ ጭንቅ ነው፤ ሚስት ማምጣት አይታሰብም። ስለዚህ «ነጋዴ ነህ ወይስ ሠራተኛ?» የሚለው ጥያቄ ትዳር ይሠራል፣ ትዳር ያፈርሳል።

ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ምግብ ቤት ያለውስ? ለረጅም ጊዜ አይቆጠርም ነበር። በ1915 ግን አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የምግብ ቤት ባለቤትም ነጋዴ ሊባል ይችላል አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ገምቱ። ኒው ዮርክ ውስጥ የቻይና ምግብ ቤቶች ቁጥር ከ1910 እስከ 1920 ባለው ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ገደማ አደገ።

ታዲያ ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ መስፈርት አወጣ። ምግብ ቤቱ ደረጃው ከፍ ያለ መሆን አለበት። አመልካቹ ዋና ባለድርሻ መሆን አለበት። ቢያንስ አንድ ዓመት ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መሥራት አለበት። በዚያ ዓመት ምግብ ማብሰል አይችልም። ሰሃን ማንሳት አይችልም። ካሸር ላይ መቀመጥ እንኳ አይችልም፤ ከተገኘ «ሠራተኛ» ይባላል። ይህን የሚመሰክሩለት ሁለት ነጮችም ያስፈልጉታል። መርማሪዎች ሥጋና አትክልት ወደሚያቀርቡት ሰዎች ሄደው «ይህ ሰው ሲያበስል አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? ባንክ አያበድራቸውም። ቻይናዎቹ «ሁዊ» የሚሉት ነገር ነበራቸው። ለእኛ ማብራራት አያስፈልግም፤ ዕቁብ ነው። የሚተማመኑ ሰዎች በየጊዜው ያዋጣሉ፣ ተራ የደረሰው ጠቅልሎ ይወስዳል። በዚህም በሌላም መንገድ ገንዘብ እያሰባሰቡ፣ የአንድ ቀበሌና የአንድ ዘር ሰዎች ተሰብስበው አንድ ትልቅ ምግብ ቤት በሽርክና ይከፍታሉ። ከዚያ ሥራ አስኪያጅነቱን ራሱን እንደ ዕቁብ በተራ ያዙሩታል። አንዱ ለአንድ ዓመት ወይም ለዓመት ከመንፈቅ ኮት ለብሶ «አስኪያጅ» ይሆናል። ወረቀቱ ሲጨርስለት አገሩ ሄዶ ያገባል፣ ወይም ቤተሰቡን ያመጣል። ቀጣዩ ኮቱን ይለብሳል።

ይህ ምግቡን ምን አደረገው? «ደረጃው ከፍ ያለ» የሚለው መስፈርት ብቻውን ብዙ ነገር ለወጠ። ለወንደላጤው ሩዝና ዓሣ የምትሸጥ ጠባብ ቤት ቪዛ አታስገኝም። ትልቅ አዳራሽ ያስፈልጋል። የእንጨት ቅርጽ፣ ፋኖስ፣ ዘንዶ፣ አንዳንዱ ጋ የሙዚቃ ባንድና መደነሻ። አዳራሹን የሚሞላው ደግሞ የቻይና ሠራተኛ አይደለም፤ ነጩ ደንበኛ ነው። ስለዚህ ምግቡ ለእሱ አፍ መሠራት አለበት።

እሱ የሚፈልገው በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ነበር፤ «ቾፕ ሱይ»። ቃሉ ከቶይሳን ሰዎች «ጻፕ ሱይ» ከሚሉት የመጣ ነው። ቁርጥራጭ፣ ቅልቅል እንደማለት ነው። ሥጋ፣ የበቀለ ባቄላ፣ ሽንኩርትና ሴለሪ በአንድ ላይ ታምሶ በስታርች በወፈረ ስጎ ይቀርባል። በ1896 ሊ ሆንግዣንግ የተባለው ትልቅ የቻይና ባለሥልጣን ኒው ዮርክን ሲጎበኝ ጋዜጦቹ ስለሚበላው ሁሉ ጻፉ። ሕዝቡ ወደ ቻይና ታውን ጎረፈ። እሱ ነው ቾፕ ሱይን ያስተዋወቀው የሚል ተረትም ወጣ። ምግቡ ከእሱ በፊት ኒው ዮርክ ውስጥ ይበላ ስለነበር ተረቱ ልክ አይደለም። ግን የእብደቱ መጀመሪያ እሱ ሰሞን መሆኑ እውነት ነው።

እንግዲህ ያ ቾፕ ሱይ ላይ የሚስቅ ሰው ሲያጋጥመኝ ይከፋኛል። በእያንዳንዱ ሰሃን ጀርባ ሚስቱን ለማምጣት ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ።

ሊማ፦ ተጋብተው የሠሩት ምግብ

በዚያው ዘመን ከዚያው ከጓንግዶንግ ሌሎች ወጣቶች ወደ ፔሩ ይጫኑ ነበር። «ይጫኑ» ያልኩት በምክንያት ነው። ከ1849 እስከ 1874 ወደ 100,000 የሚጠጉ ቻይናዎች ፔሩ ገቡ፤ የ8 ዓመት ውል አስፈርመዋቸው ነው። ሥራቸው የስኳር እርሻ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ከደሴቶቹ ላይ የወፍ ኩስ ለማዳበሪያ መቆፈር ነበር። ፔሩ ባርነትን በሕግ ያስቀረችው በ1854 ነው፤ የውል ሠራተኛው የባሪያውን ቦታ ተካ ማለት ይቻላል። ውሉ ውስጥ ግን አንድ ነገር ተጽፏል፤ በየቀኑ ሩዝ ይሰጣቸዋል።

ውላቸውን የጨረሱት ዋና ከተማዋ ሊማ ገቡ። በማዕከላዊው ገበያ አጠገብ ካፖን በሚባለው መንገድ ዙሪያ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ከፈቱ። እዚህም ሴት የለም ማለት ይቻላል፤ የመጡት ከሞላ ጎደል ወንዶች ናቸው። ልዩነቱ የመጣው እዚህ ጋ ነው። ካሊፎርኒያ በ1880 ለነጭና ለ«ሞንጎላዊ» (ሕጉ ቻይናዎችን የሚጠራበት ስም ነው) የጋብቻ ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክላ ነበር፤ እገዳው እስከ 1948 ቆየ። ፔሩ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበራትም። ቻይናዎቹ የአገሬውን ሴቶች አገቡ። የቻይና ምግብም በአማቶችና በሚስቶች በኩል ወደ ፔሩ ማጀት ገባ።

ሎሞ ሳልታዶ የሚባለውን ምግብ ውሰዱ። መጥበሻው እስኪጨስ ይግላል። የተቆራረጠ የበሬ ሥጋ ይገባና ይጮኻል። ከዚያ ወፈር ወፈር ተደርጎ የተቆረጠ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ አሂ አማሪዮ የሚባለው የፔሩ ቢጫ ቃሪያ። ትንሽ ኮምጣጤ፣ ትንሽ የአኩሪ አተር ሶስ። እሳቱ ወደ ላይ ይነሳና መጥበሻው ውስጥ ይገባል። ሽንኩርቱ ገና ሳይለሰልስ ይወጣል። በመጨረሻ የተጠበሰ ድንች ይቀላቀልበታል፤ ከጎኑ ሩዝ ይደረጋል። ድንቹ የአንዲስ ተራሮች ልጅ ነው፤ አሠራሩ የካንቶን፤ ጓንግዶንግን ፈረንጆች እንዲያ ይሉት ነበር። የእኛን ጥብስ የሚወድ ሰው በአንድ ጉርሻ ይወዳጀዋል። ይህ ምግብ ዛሬ ፔሩ ውስጥ «የቻይና ምግብ» አይባልም። የፔሩ ምግብ ነው፤ በየቤቱ ይሠራል።

ቋንቋውም ይመሰክራል። የስፓኒሽ ተናጋሪው ዓለም ዝንጅብልን «ሄንሂብሬ» ይለዋል። ፔሩ ውስጥ ግን «ኪዮን» ነው፤ የካንቶን ቃል። የአኩሪ አተር ሶሱም «ሲያኦ» ነው። የተጠበሰው ሩዝ «ቻውፋ»። ምግብ ቤቱ ራሱ «ቺፋ» ይባላል፤ ከቻይንኛው «ምግብ ብላ» ከሚለው እንደመጣ ይነገራል። ቻይናዊ ዘመድ የሌላት የሊማ እናት ልጇን ገበያ ልካ «ኪዮን ግዛ» ትለዋለች።

ሁለቱን አገሮች ሳወዳድር የምደርስበት ይህ ነው። ሕዝቡ አንድ ነው፣ የመጣበት ክፍለ ሀገር ሳይቀር አንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ምግቡ ምግብ ቤት ውስጥ ቀረ፤ እየወጣ የሚበላ ሆነ። ፔሩ ውስጥ ቤት ገባ። ለልዩነቱ ብዙ ምክንያት ይኖራል፤ እኔ ግን ትልቁን ድርሻ ለጋብቻው እሰጣለሁ።

ምሳሌው በየአገሩ አለ፤ ሁለቱን ብቻ ላንሳ። ኮሪያ ውስጥ ሻንዶንግ ከሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር የመጡ ስደተኞች የኢንቾን ወደብ ላይ የጀመሩት ጥቁር ስጎ ያለው ፓስታ፣ ጃጃንግምዮን፣ ዛሬ የኮሪያ ልጆች ሁሉ ምግብ ነው። ሕንድ ውስጥ ካልካታ ላይ ሃካ የሚባሉት ቻይናዎች ቆዳ ያለፉ ነበር፤ ከፍ ያለ ዘር ያለው ሂንዱ ቆዳ መንካት ስለማይፈልግ ሥራው ለእነሱ ተተወ። በ1962 ሕንድና ቻይና ሲዋጉ በሺዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያን ራጃስታን ውስጥ ዴኦሊ የሚባል ካምፕ ታሰሩ። ብዙዎች ከዚያ በኋላ አገር ለቀቁ። በኋላ ደግሞ ቆዳ ፋብሪካዎቹ ከከተማ እንዲወጡ በፍርድ ቤት ሲታዘዝ ታንግራ የሚባለው ሰፈራቸው የምግብ ቤት ሰፈር ሆነ። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አኩሪ አተር ሶስ፤ ዛሬ በሕንድ መንገዶች ላይ «ሃካ ኑድል» የማይሸጥበት ከተማ ማግኘት ይከብዳል።

ሁለት ጊዜ የተሰደደው ዶሮ

ወደ አሜሪካ እንመለስ። በ1943 ቻይና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ አጋር ስለሆነች ክልከላው ተነሳ። የተፈቀደው ቁጥር ግን በዓመት 105 ሰው ነበር። እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ1965 ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት ሕግ በትውልድ አገር የተመደበውን ኮታ አስቀረ። ይህ ሕግ እኛንም ይመለከታል። በ1924ቱ ኮታ የኢትዮጵያ ድርሻ በዓመት 100 ሰው ነበር። ዛሬ አሜሪካ ያለው የሐበሻ ማኅበረሰብ እዚህ ለመድረስ ከተከፈቱለት በሮች አንዱ ይህ ነው።

በአዲሱ በር የገቡት ቻይናዎች ግን የቶይሳን ገበሬዎች አልነበሩም። ከታይዋንና ከሆንግ ኮንግ የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ በ1949 ኮሚኒስቶቹ ሲያሸንፉ ከመላው ቻይና የሸሹ ነበሩ፤ ከመካከላቸው ትላልቅ ግብዣ የሚያበስሉ ሼፎች አሉ። ኒው ዮርክ ድንገት ሲችዋንና ሁናን የሚባሉትን ክፍለ ሀገሮች ምግብ አየች። የሚያቃጥል፣ የሚያደነዝዝ፣ ከቾፕ ሱይ ጋር የማይገናኝ። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤጂንግ ሄደው ግብዣ ላይ በቾፕስቲክ ሲበሉ በቴሌቪዥን ታዩ፤ ወረፋው ረዘመ።

ከሼፎቹ አንዱ ፔንግ ቻንግ ኩዌይ ነበር። ትውልዱ ሁናን ነው። በ1949 ወደ ታይዋን ሸሸ። እዚያ ሆኖ በ1950ዎቹ አንድ የዶሮ ምግብ ፈጠረ፤ ኮምጣጣ፣ ጨዋማ፣ የሚያቃጥል። በሁናን ተወላጁ ጄነራል ጾ ስም ሰየመው። ጄነራሉ በ1885 ስለሞቱ አልቀመሱትም። ፔንግ በ1973 ኒው ዮርክ ምግብ ቤት ከፈተ። ግን ምግቡን ታይዋን ሄደው የቀመሱ ሌሎች ሼፎች ቀድመውት ኒው ዮርክ ውስጥ መሥራት ጀምረው ነበር። እነሱ ዶሮውን ይበልጥ አድርቀው ጠበሱት፤ ስኳር ጨመሩበት። ዛሬ በአሜሪካ የቻይና ምግብ ቤቶች ከሁሉ በላይ ከሚታዘዙት አንዱ ይህ «ጄነራል ጾ ዶሮ» ነው። ሁናን ውስጥ ግን የሚያውቀው አልነበረም። አንድ ሰው መመለስ የማይችልበትን አገሩን እያሰበ ስደት ላይ የሠራው፣ ከዚያ ራሱ እንደገና የተሰደደ ምግብ ነው። ፔንግ በ2016 ታይዋን ውስጥ አረፈ።

ከምግቡ በኋላ የሚመጣው፣ ውስጡ የዕድል ወረቀት ያለበት ብስኩትም (ፎርቹን ኩኪ) የራሱ ታሪክ አለው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ይጋግሩት የነበሩት ጃፓኖች ናቸው። በ1942 በጦርነቱ ምክንያት ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ተወላጆች ወደ ካምፕ ሲወሰዱ ዳቦ ቤቶቻቸው ተዘጉ። ቻይናዎቹ ሥራውን ያዙት፤ ብስኩቱም «የቻይና» ሆኖ ቀረ።

ሜኑው ለምን አንድ ዓይነት ሆነ?

ከኒው ዮርክ እስከ ሚዙሪ ትንሽ ከተማ ድረስ የቻይና ካሪ አውት (ምግብ ገዝተው ይዘው የሚሄዱበት ቤት) ሜኑ አንድ ዓይነት ነው። ምክንያቱ እዚህም ስደት ነው።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ በብዛት የመጡት ፉጂያን ከሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ከፉጆ ከተማ አካባቢ ነው። ሕጋዊው በር ጠባብ ስለነበር በደላላ መጡ። ቻይናዎቹ ደላላውን «የእባብ ራስ» ይሉታል። በ1993 የጉዞው ዋጋ 30,000 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ጎልደን ቬንቸር የምትባል መርከብ 286 ሰዎች ጭና ኒው ዮርክ ዳርቻ አሸዋ ላይ ተሰካች። ሰዎቹ በሌሊት ቀዝቃዛው ባሕር ውስጥ ዘለሉ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። ለሜዲትራኒያንና ለቀይ ባሕር ሐዘን የተቀመጥን እኛ ይህን ስናነብ ሌላ ማብራሪያ አንፈልግም።

የተረፈው ሰው ዕዳ አለበት፤ ቶሎ መሥራት አለበት። እንግሊዝኛ አያውቅም። ማንሃታን ውስጥ ኢስት ብሮድዌይ ወደሚባለው መንገድ ይሄዳል። እዚያ የሥራ አገናኝ ቢሮዎች አሉ። ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የሥራው ዓይነት፣ ደሞዙ፣ እና ምግብ ቤቱ ያለበት አካባቢ የስልክ መነሻ ቁጥር። የከተማው ስም ብዙ ጊዜ የለም። ሰውየው የሚሄድበትን አገር የሚያውቀው በሦስት አኃዝና አውቶቡሱ በሚፈጀው ሰዓት ነው። ማታ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ነገ ከቀትር በፊት ስሙን በማያውቀው ከተማ ዶሮ ይጠብሳል። ማደሪያውን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ይሰጠዋል።

ሜኑው አንድ ዓይነት ባይሆን ይህ አይሠራም ነበር። ፍራይድ ራይስ፣ ሎ ሜን፣ ጄነራል ጾ። አንዱን ወጥ ቤት የለመደ ሰው ሁሉንም ለምዷል። አገልግሎቱም የተያያዘ ነው፤ ሜኑ የሚያትመው፣ ሶስና ሳጥን የሚያቀርበው፣ መጥበሻ የሚሸጠው ከአንድ አካባቢ ነው። ምግቡም የእነሱ አይደለም። ፉጆ በዓሣ ኳስና በቀጭን ሾርባዎች የምትታወቅ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ሰዎቹ የሚያበስሉት የቶይሳኖቹንና የታይዋኖቹን ፈጠራ ነው፤ አሜሪካ ገብተው ነው የተማሩት።

ይህም ሆኖ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ነገር ያስገባል። ዋሽንግተን ዲሲ የኖረ ሐበሻ የካሪ አውት ዊንግስ በማምቦ ሶስ ያውቃል። ቀላ ያለ፣ ጣፋጭ፣ ኮምጠጥ የሚል ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ደንበኞች ናቸው ያስለመዱት፤ መጀመሪያ የማን ነው በሚለው ዲሲና ቺካጎ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የዲሲ ቻይና ታውን ራሱ በ1931 የመንግሥት ሕንፃ ሊሠራበት ነው ተብሎ ከፔንሲልቬንያ ጎዳና ወደ ኤች ስትሪት የተገፋ ነው። አሁን የቀረው በ1986 የተሠራው በር፣ በቻይንኛ የተጻፉ ታፔላዎችና ጥቂት ቤቶች ናቸው።

አዲስ አበባ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። መንገዱንና ባቡሩን ሊሠሩ የመጡት ቻይናዎች በኩባንያ ውል መጥተው፣ ካምፕ ኖረው፣ ውሉ ሲያልቅ ይመለሳሉ። ካምፑ ከቻይና የመጣ ወጥ ሠሪ አለው፤ ጓሮው ውስጥ የራሳቸውን ጎመን ይዘራሉ። ምግባቸው ከእኛ ጋር ብዙ ያልተቀላቀለው ለዚህ ይመስለኛል። ለመመለስ የመጣ ሰው አፉን የሚለውጥበት ምክንያት የለውም። ቀርተው የሚያገቡና ለሐበሻ የሚሸጡ ሲበዙ ምን እንደሚሆን ለማየት በጣም እጓጓለሁ።

አሜሪካ ባሉት ካሪ አውቶች ከምሳ ግርግር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አንድ ጸጥ ያለ ጊዜ አለ። በዚያ ሰዓት የገባ ሰው ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ሠራተኞቹ ሲበሉ ያያል። ሜኑው ላይ የሌለ ምግብ ነው። በእንፋሎት የበሰለ ሙሉ ዓሣ፣ ላዩ ላይ ክር የመሰለ ዝንጅብል፣ ጎመን፣ ቀጭን ሾርባ። አባትየው ዓሣውን እያነሳ ለሁሉም ያካፍላል። የቤት ሥራዋን እዚያው የምትሠራው ልጅ ግን ዓሣውን ወደ ጎን ገፋ ታደርጋለች። እናቷ ምንም ሳትል ተነስታ መጥበሻውን ታግላለች። የምትሠራላት ጣፋጩን ዶሮ ነው።